እግድ የማይነካው አጥር

ስልኩ የተደወለው መድኃኒት ቤታችን ሰው በሞላበት ሰዓት ነው። ለአንድ ሽማግሌ የደም ግፊት ኪኒናቸውን መቼ መቼ እንደሚውጡ ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዳሁ ነበር፤ እሳቸውም እኔም ሰልችቶናል። የማላውቀው ቁጥር ደጋግሞ ጠራ። በመጨረሻ አነሳሁት።

«ነኢማ? ሙላት ነኝ። የአዳማው።»

«ጋሽ ሙላት! በሰላም ነው?»

«እቴቴ ዐረፈች» አሉ። «ዛሬ ጠዋት። ቁጥርሽን ከደብተሯ ላይ ነው ያገኘሁት።»

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው «ኢና ሊላሂ» አልነበረም። መጀመሪያ የመጣው «ታዲያ አሁን ቤቱን ማን ያዘው?» የሚል ነው። ወላሂ አፈርኩ። ቢሾፍቱ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ እንኳ የዚያ ግቢ በሽታ ከላዬ አልወረደም። ቀጥሎ የገረመኝ ጋሽ ሙላት «እቴቴ» ማለታቸው ነው። አራት ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር ታላቅ እህታቸውን «ሴትዮዋ» ሲሉ ነው የማውቀው። «እቴቴ» ሲሉ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ የሺን ያወቅኳቸው ለሥራ ከአሰላ አዳማ የሄድኩ ጊዜ ነው። ደላላው «ጸጥ ያለ ግቢ ነው፣ ሁለት ሽማግሌ ብቻ ነው ያለበት» ብሎ ወሰደኝ። ጸጥ ያለ! ግቢው ውስጥ ስገባ አንዲት ቀጭን፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም።

«እንደሚታወቀው» ብለው ጀመሩ፤ እኔ ምንም የማውቀው ነገር የለም። «ይህ ግቢ በፍርድ ቤት ክርክር ላይ ይገኛል። ስለሆነም ምስማር መምታት፣ ቀለም መቀባት፣ ዕቃ ከመስመሩ ወዲያ ማሳለፍ ክልክል ነው። ወዲያ ማዶ ያለውን ሰውዬ ሰላም ማለት መብትሽ ነው። ስለ እኔ ማውራት ግን አይቻልም።»

«መስመሩ የቱ ነው?»

በጫማቸው ጫፍ አፈሩ ላይ የፈሰሰ የኖራ መስመር አሳዩኝ። ከበረንዳው መሐል ተነስቶ እስከ ውጭው በር ድረስ ይሄዳል። ከመስመሩ ወዲያ አንድ ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሰው አሉ። እጄን አነሳሁላቸው። እሳቸውም ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ። እትዬ የሺ ይህንንም መዘገቡት መሰለኝ።

ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደብዳቤ ሲተይቡ ኖረው ደብዳቤው ምላሳቸው ላይ ቀርቷል። አንድ ቀን ቧንቧ ሳልዘጋ ብሄድ ማታ በራፌ ላይ ቆመው፣ «እንደሚታወቀው ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ቧንቧ ከፍቶ መሄድ አግባብነት የለውም። ግልባጭ፣ ለባዶው ጀሪካን» አሉኝ። ሳቅ አፍኖኝ «ይቅርታ እትዬ» ብል፣ «ይቅርታሽ ደርሶናል» ብለው ገቡ። ሲናገሩ አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ ያደርጉ ነበር፤ የሌለ ወረቀት ሊገልጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የአባታቸው ነው። አባትየው ሲሞቱ ኑዛዜ አልተዉም። እትዬ የሺ «አስታምሜ የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ ቤቱ የእኔ ነው» አሉ። ጋሽ ሙላት ከመተሐራ ጡረታ ወጥተው መጡና «እኔስ ከሰማይ ወረድኩ? እኔም ልጁ ነኝ» አሉ። ተካሰሱ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይፈርስ፣ ምንም እንዳይገነባበት የእግድ ትእዛዝ ወጣ። ከዚያ ቀጠሮ፣ ይግባኝ፣ ደግሞ ቀጠሮ። እህትየው በምዕራብ በኩል ያሉትን ክፍሎች፣ ወንድምየው በምሥራቅ በኩል ያሉትን ያዙ። መሐል ኮሪደሩ ላይ ቁም ሣጥን ገትረው ተዘጋጉ፤ መነጋገርም አቆሙ።

ሁለቱንም የገደላቸው ግን የጠበቆቻቸው ምክር ነው። የእትዬ የሺ ጠበቃ ገና ዱሮ፣ «ቤቱን ለቀው እንዳይወጡ፤ የያዘ ሰው ነው የሚጠቀመው» ብሏቸዋል። የወንድምየውም ጠበቃ ያንኑ ብሏል፤ ጠበቆቹ ምናልባት አብረው ነው ምሳ የሚበሉት። እትዬ የሺ ይህን ምክር በራሳቸው መንገድ ተርጉመው አንድ ሕግ አወጡ፦ ከቤት ውጭ ማደር የለም። ቀን ገበያ ይወጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ይመለሳሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ቤታቸው ናቸው። የወንድማቸውን ልብ ስለማያምኑ የአጎታቸውን ልጅ ሠርግ ቀሩ፣ የአክስታቸውን ቀብር ቀሩ። አንድ ቅዳሜ ለምኜ ለምኜ ሶደሬ ወሰድኳቸው፤ እግራቸውን ፍል ውኃው ውስጥ ነክረው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቀመጡ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ። ስድስት ሰዓት ነበር። በጠራራ ፀሐይ ተመለስን። በጣም አበሳጩኝ፤ በጣምም አሳዘኑኝ።

የአጥሩ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ የሺ የወንድማቸውን ፊት ጠዋት ጠዋት ማየት ሰለቻቸውና ቆርቆሮ ገዝተው አናጢ ጠሩ። ሦስተኛዋ ቆርቆሮ ሳትመታ ጋሽ ሙላት የእግዱን ወረቀት በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ይዘው መስመሩ ላይ ቆሙ። «ግንባታ ነው። አስቁሚው በያት» አሉኝ። አናጢው ወረቀት ሲያይ መዶሻውን ሰብስቦ ጠፋ። እትዬ የሺ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

እኔ ነኝ ነገረኛዋ! በዚያው ሰሞን ላንጋኖ ሥልጠና ሄጄ ነበር። ያደርንበት ሎጅ አጥሩ ሙሉ በሐረግ ተሸፍኗል፤ ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚፈካ አበባ። አትክልተኛውን ብጠይቀው «ይሄማ በራሱ ነው የሚበቅል፣ ማጥፋቱ ነው የሚቸግር» አለኝና ከደረቀው ፍሬ ዘግኖ ሰጠኝ። በመድኃኒት ፖስታ ጨምሬ አመጣሁላቸው። ፖስታው ላይ የታተመውን አንብበው፣ «በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ቶሎ አቆሙት።

«ነኢማ፣ ተክል ግንባታ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ።»

«አይደለም» አሉ። «ተክል ግንባታ አይደለም።»

የዘሩ ልብስ ድንጋይ ነው። በጥፍር መሞረጃ ጫፍ ጫፉን ፋቅ ፋቅ እያደረጉ፣ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ከኖራው መስመር አንድ ስንዝር ወደ ራሳቸው ገባ ብለው ቀበሩት። ከበረንዳው ምሰሶ እስከ በሩ ግንብ ምስማር መትተው ሲባጎ ወጠሩ፤ እንደ ክራር ከላይ እስከ ታች። የአዳማን ንፋስና አቧራ ለሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ምድር ላይ አንድ ነገር ማሳደግ ቀልድ አይደለም። ልብስ ያጠብንበትን፣ አትክልት ያለቀለቅንበትን ውኃ ሁሉ እሱ ነው የጠጣው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። ያጠጡ ቀን ሁሉ በደብተር ይጽፉ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን በእጃቸው ጀርባ ወደ ላይ ገፋ አድርገው፣ «የይዞታ ማስረጃ ነው» አሉኝ። «መሬቱን ማን ሲንከባከብ ኖረ? ተብሎ ሲጠየቅ፣ ይኸው። ያጠጣ ሰው ነው የያዘ።»

ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ያጠጣ ሰው ነው የያዘ። ዝናብ ዘንቦ እንኳ ጣሳ ይዘው ይወጡ ነበር።

ሐረጉ በሁለት ወር ውስጥ ሲባጎውን ጨርሶ ወደ ጣሪያው እጁን ዘረጋ። ግድግዳ ሆነ። እትዬ የሺ ወንድማቸውን ማየት ቀረላቸው፤ ወንበራቸውን አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ እንደ ሰው ተቀመጡ። ደስ አለኝ። እስኪያብብ ድረስ ነዋ!

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል እትዬ የሺ ሐረጉ ሥር አንገታቸውን እያጣመሙ ቆመዋል።

«አብቧል አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

«አብቧል።»

«የታለ?»

ወደ ማዶ ጠቆሙ። በሩን ዞሬ አየሁት። በወዲያኛው ገጽ፣ በጋሽ ሙላት በኩል፣ ግድግዳው ሙሉ ሰማያዊ ሆኗል። ፀሐይ የምትወጣው በእሳቸው በኩል ነው፤ አበባው ደግሞ ፀሐይን እንጂ ያጠጣውን ሰው አያይም። እኛ ጋ ቅጠልና የአበባ ጀርባ ብቻ ቀረን። ጋሽ ሙላት ወንበራቸውን አዙረው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ ሬዲዮኑን እንኳ ዘግተው ተቀምጠዋል። «አቤት!» ይላሉ ለራሳቸው። «አቤት ሰማያዊነቱ!»

«ሰማሽው?» አሉኝ እትዬ የሺ። «እኔ አጠጣለሁ፣ እሱ ያያል!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን እንባቸው መጥቶ ነበር። በአራት ሰዓት ፀሐይዋ ስትከር አበባው ሁሉ እንደ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ተዘጋ። በማግስቱ ሌላ ፈካ፤ ደግሞ በማዶ በኩል።

አበባውን እንዲህ ወድደው ጋሽ ሙላት ለምን እንደከሰሱት እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ጠበቃቸው ይሆናል። ብቻ አንድ ቀን ከሰዓት ነገሩን እንዲያጣራ ከፍርድ ቤት የተላከ ሰው ፋይል ይዞ መጣ። እኔ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፤ ባልነበርኩ።

«ይሄ ነው አጥሩ?» አለ።

«አጥር ነው በይው» አሉኝ ጋሽ ሙላት ከማዶ።

«ተክል ነው በይው» አሉኝ እትዬ የሺ ከዚህ።

ሰውዬው ፊታቸው ቆሟል፣ ሦስቱም አማርኛ ነው የሚናገሩት፣ እኔ መሐል ሆኜ ከአማርኛ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ!

«ወይዘሮ፣ ተክሉ ምን ላይ ነው የወጣው?»

«ሲባጎ ላይ።»

«ሲባጎውስ?»

«ምስማር ላይ።»

«ምስማሩስ?»

እትዬ የሺ መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። ሰውዬው ጻፈ። ተክሉ ግንባታ ስላልሆነ ይቆይ፤ ምስማሩ ግንባታ ስለሆነ ይነቀል። ሁለቱም ወገን ያሸነፈ መሰለው።

በማግስቱ እትዬ የሺ ስድስት ባዶ የቀለም ባልዲ ገዝተው አሸዋ ሞሉ፣ በየባልዲው እንጨት አቆሙ፣ ሲባጎውን እንጨቶቹ ላይ አሰሩ። «ከመሬት ጋር ያልተያያዘ፣ ተንቀሳቃሽ ንብረት» አሉ፣ አውራ ጣታቸውን እየላሱ። ሐረጉን ካሮጌው ሲባጎ ፈትቶ አዲሱ ላይ የመጠምጠሙ ሥራ የእኔ ሆነ። ደክሜ የጠመጠምኩት ሁሉ ሲነጋ ተተርትሮ ወድቆ አገኘሁት። እትዬ የሺ መጥተው አዩት። «እሱ የሚያውቀው አንድ ዙር ነው፣ ልጄ። በወዲያ በኩል ብታዞሪው እሺ አይልም» ብለው ከእጄ ተቀበሉኝና እንደገና ጀመሩ።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ መቅደስ አረገዘች። መቅደስ የእትዬ የሺ አንድ ልጃቸው ናት፤ አግብታ ዝዋይ ነው የምትኖረው። ወሬው ከመጣ ቀን ጀምሮ እትዬ የሺ ሌላ ሰው ሆኑ። የገንፎ እህሉን ራሳቸው ለቀሙ፣ አስፈጩ፣ ቅቤ አነጠሩ፣ አንሶላ ቀደዱ፣ ሰፉ። የመጀመሪያ ልጅ ስትወልድ እናት ካላረሰቻት ማን ያርሳታል? ይህን የማያውቅ የለም። ግን ዝዋይ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት ነገር አይደለም። አራስ ቢያንስ ሃያ ቀን ትፈልጋለች። ሃያ ሌሊት።

እየቀረበ ሲመጣ እትዬ የሺ ወረቀት አወጡ። በካርቦን፣ በሦስት ቅጂ። «እኔ በማኅበራዊ ጉዳይ ምክንያት ለጊዜው ከይዞታዬ ስለምለይ፣ መለየቴ እንደ መልቀቅ እንደማይቆጠርብኝ...» ይላል። ወስጄ ለጋሽ ሙላት ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ጠበቃዬ ምንም ነገር አትፈርም ብሎኛል» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ትሂድ በያት። እኔ ምን አደርጋለሁ? ልጅ እኮ ነው የሚወለደው!» አሉ።

ቃል በቃል ነገርኳቸው። «ካልፈረመ ያሰበው ነገር አለ» አሉ እትዬ የሺ።

ሰኞ ጠዋት የመቅደስ ባል ደወለ። በኦፕራሲዮን ወልዳለች፣ ሴት ልጅ። ስልኩን ለመቅደስ ሰጣት። ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። «እማዬ፣ ትመጫለሽ አይደል?»

«እመጣለሁ» አሉ እትዬ የሺ። «አሁን እየወጣሁ ነው።»

እኔ በደስታ ዘለልኩ። ገመቹን ጠራሁት፤ ገመቹ የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ነው። «አካም ቡልተኒ፣ እትዬ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» እያለ የገንፎ ዱቄቱን ጆንያ፣ ቅቤውን፣ ሻንጣውን ጫነ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ለቀብር እንኳ የማያወጡትን ጫማ ተጫምተው በሩ ጋ ደረሱ። አንድ እግራቸው ባጃጁ ውስጥ ገባ።

ያኔ ከሐረጉ ማዶ ድምፅ መጣ።

«እቴቴ!»

እትዬ የሺ ቀጥ አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልተጠሩበት ስም ነው። ፊታቸው እንዴት እንደረጠበ፣ እንዴት እንደ ልጅ እንደሆነ ባያችሁት!

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ እቴቴ። አታስቢ። ሐረጉን እኔ አጠጣዋለሁ።»

እኔ በቅጠሉ መሐል ጋሽ ሙላትን አይቻቸዋለሁ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሌላ ምንም አላሰቡም። ሰውዬው የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፦ እህታቸው የምትወደውን ነገር። እሱን ነው ሊጠብቁላት የፈለጉት።

የእትዬ የሺ ፊት ግን ተመልሶ ተዘጋ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ነኢማ፣ ምን ማለቱ ነው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ በማይረባው ሁሉ ሳስተረጉም ኖሬያለሁ። አጥር ነው በይው፣ ተክል ነው በይው፣ ቧንቧውን ይዝጋ በይው። ያን ቀን ግን፣ አንድ እውነተኛ ነገር ማስተርጎም ባስፈለገበት ቀን፣ ምላሴ ተሳሰረ። ቢሄዱና አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ እኔ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ወላሂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አልኳቸው። «እርስዎ ያውቃሉ።»

እግራቸውን ከባጃጁ አወጡ። «ያጠጣ ሰው ነው የያዘ» አሉ፣ ለራሳቸው። «ገመቹ፣ ሻንጣዬን አውርደው። ዱቄቱንና ቅቤውን መናኸሪያ ወስደህ ለዝዋይ መኪና ስጥልኝ።»

«እትዬ፣ እርስዎስ?» አለ ገመቹ።

«የተባልከውን አድርግ።»

የገንፎ ዱቄቱ ብቻውን ዝዋይ ሄደ። ከሰዓት መቅደስ ደወለች። «እማዬ፣ የት ደረስሽ?» እትዬ የሺ ደብዳቤ ያህል ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ስለ ቀጠሮው፣ ስለ እግዱ፣ ስለ ጠበቃው። መቅደስ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። «እሺ» ብቻ አለች። ከዚያ በኋላ ልጅቷን ይዛ አንድ ጊዜ መጥታ ነበር፤ ጠዋት መጥታ ከሰዓት ሄደች። «እደሪ እንጂ» ቢሏት፣ «አንቺም እኔ ጋ አላደርሽም» ብላ ሳመቻቸው። አልተጣሉም። እንዲያ ከመሆን ቢጣሉ ይሻል ነበር።

ጋሽ ሙላት ከዚያ ቀን በኋላ ወንበራቸውን ወደ ግንቡ አዞሩት። ሐረጉ ግን በእሳቸው በኩል ማበቡን አልተወም።

እኔ ቢሾፍቱ ሥራ አግኝቼ ስወጣ እትዬ የሺ የምስክር ወረቀት ጻፉልኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ። ወይዘሪት ነኢማ በግቢያችን አራት ዓመት ስትኖር፣ ከመጀመሪያው ወር በስተቀር ውኃ በአግባቡ የምትጠቀም፣ ሰው አክባሪ መሆኗን እናረጋግጣለን።» ፈርመው፣ ማኅተም ስለሌላቸው አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙበት። በሩ ድረስ ሸኙኝ፤ ከበሩ ወዲያ አልወጡም።

ለቅሶው ላይ የደረስኩት በሠልስቱ ነው። ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተክሏል። የእድሩ ሰዎች ሐረጉን ቆርጠው ድንኳኑን ግቢው ውስጥ ሊተክሉ ቢሉ፣ ጋሽ ሙላት «አይነካም» ብለው ፊት ለፊት ቆሙ አሉ። እሳቸውን ያገኘኋቸው ድንኳኑ ጥግ ነው። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አንድ ሐሳብ ሲያብሰለስላቸው እንደነበር ከፊታቸው ያስታውቃል።

«ነኢማ፣ እስኪ አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ቀን፣ ዝዋይ ልትሄድ ስትል፣ ምን አጠፋሁ? ሂጂ ነው እኮ ያልኳት።»

አሁን ማምለጫ አልነበረኝም። «ጋሽ ሙላት፣ እትዬ የሺ "ያጠጣ ሰው ነው የያዘ" ይሉ ነበር። አጠጣዋለሁ ሲሏቸው፣ ቤቱን እይዛለሁ ያሉ መሰላቸው።»

«እና አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገርሻት?»

«ፈራሁ» አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከሰዓት ሰው ሲሳሳ አንድ የእድሩ ሽማግሌ መቅደስን ጠርተው መከሯት። እስከ አርባው ድረስ ቤቱን ለቃ እንዳትሄድ፤ ክርክሩ ገና ስለሆነ፣ ወራሽ ደግሞ እሷ ስለሆነች፣ የእናቷ ክፍል ባዶ እንዳይገኝ። መቅደስ ልጇን ታቅፋ አዳመጠቻቸው።

«አባባ፣ እናቴ አራስ ቤት ያልመጣችልኝ ለዚህ ቤት ብላ ነው» አለች። «እኔ ልጄን እዚህ አንድ ሌሊት አላሳድራትም። ድርሻዬን ለጋሼ ትቻለሁ። የሚያስፈርመኝ ካለ አሁን ይምጣ።»

ከዚያ ወደ አጎቷ መጣች። ፊቷ ላይ ቂም ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

«ጋሼ፣ ተነሱ። ከእኔ ጋር ዝዋይ እንሂድ። ብቻዎን እዚህ ምን ያደርጋሉ? ይሰንብቱ፣ ሐይቁን ይዩ፣ ከልጅቷ ጋር ይጫወቱ።»

ጋሽ ሙላት ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ሕፃኗን አዩ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ገብተው ካፖርታቸውንና አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዘው ወጡ፤ ተጣድፈው፣ ሐሳቧን እንዳትቀይር የፈሩ ይመስላሉ። ገመቹ መናኸሪያ ሊያደርሰን ባጃጁን አስነስቶ ቦርሳቸውን ተቀበላቸው። እኔ ሕፃኗን ይዤ ገባሁ፣ መቅደስ ተከተለችኝ። ጋሽ ሙላት የግቢውን በር ይዘው ቆሙ። ወደ ኋላ ዞረው ግቢውን አዩት፤ የእሳቸውን በኩል፣ ከዚያ የእህታቸውን በኩል።

«ቤቱን ማን ይይዘዋል?» አሉ።

«ከማን፣ ጋሼ?» አለች መቅደስ።

ወደ ሐረጉ አዩ።

«ከማን ነው የሚያዘው?» አለች ደግማ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚጠሩት ሰው አጡ። ቦርሳውን ከገመቹ እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉት።

«እናንተ ሂዱ፣ ልጄ» አሉ። «ውሳኔው ይውጣና እመጣለሁ።»

ባጃጁ ሲንቀሳቀስ ዞር ብዬ አየሁ። በሩን ከውስጥ እየዘጉት ነበር።